በአማርኛ ተናገሪ

ቄስ ደርበው ኑዛዜ ሲቀበል ፈጣን ነበር። እንዲያውም ከልክ በላይ ፈጣን ነበር፤ ሰውየው ኃጢአቱን ሳያጋምስ ቀኖናው ይደርሰዋል። ሦስት ቀን ጾም፣ አርባ ስግደት፣ እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ሂድ በሰላም። ዕድሜው ሃያ ስድስት ነው። ከቢቸና መጥቶ በእንጅባራና በጥሊሊ መካከል ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ካገለገለ ሁለት ዓመቱ ነው። የአካባቢው ገበሬ በቤቱ የሚያወራው አገውኛ ነው፤ ደርበው ግን አገውኛ አያውቅም፣ ለመልመድም አልደከመም። ስለዚህ የንስሐ ልጆቹ ሲመጡ መስቀሉን ሳያወጣ በፊት የምትወጣው ቃል «በአማርኛ ተናገር» ነበረች።

የሻረግንም በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ አንድ ጠዋት ዝናብ አበስብሷት ስትመጣ ይህችው ቃል ጠበቀቻት። ሴት ልጇ በተወለደች በስልሳ ሦስተኛ ቀኗ፣ ክርስትና ሳትነሣ ሞታባታለች። ሰማንያ ቀን ያልሞላት አራስ ስለሆነች ቅጥሩን አልፋ መግባት አይፈቀድላትም፤ ከበሩ ውጭ ተንበርክካ በአገውኛ ጀመረች።

«በአማርኛ ተናገሪ፣ ልጄ።»

ገበያ ወጥታ ቅቤ የምትሸጥበት አማርኛ ነበራት፤ ለዚህ የሚሆን ግን አልነበራትም።

«ልጅ ሞተ» አለች። «እኔ… እኔ…»

ደርበው የገባው መሰለው። ያዘነች እናት ናት፤ መልሱንም በቃሉ ያውቀዋል። ሐዘን ማብዛት እግዚአብሔርን መክሰስ ነው አላት። ክርስትና ላልተነሣ ሕፃን ፍትሐት እንደማይደረግም፣ ሳትጠይቀው፣ ነገራት። አርባ ስገጂ ብሎ አሳለማትና ወደ ሌላው ዞረ።

በሦስተኛው ቀን ባሏ ቢሻው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ መጣ።

«አባ፣ ከዘንገና አፋፍ ላይ ነው የያዝኋት» አለ። ዘንገና ዙሪያው ገደል የሆነ ጥልቅ ሐይቅ ነው። «እኔ ሁልጊዜ ልጠብቃት አልችልም። እህል አልቀመሰችም። ስታጠባ እንቅልፍ ጥሏት ልጅቷን ተጫነቻት። ‹በእጄ ገደልኳት› ነው የምትለው። ለእርስዎ ይህንን ልትናገር ነበር የመጣችው። ስትመለስ ‹እግዜርም አልሰማኝም› አለችኝ።»

ደርበው ያችን «እኔ» አስታወሰ፤ ሁለት ጊዜ ብላታለች። አፈረ፤ ከማፈርም አልፎ ፈራ። ሴትዮዋ ሐይቁ ውስጥ ብትገባ የገፋት እሱ እንደሆነ ከራሱ ሊደብቀው አልቻለም።

በዝናቡ ወደ አባ እንየው ቤት ሮጠ። አባ እንየው ከእሱ በፊት አርባ ዓመት ያገለገሉ የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ አሁን ወገባቸው ተይዞ ከመደብ አይወርዱም።

«አባ፣ በቃሬዛም ቢሆን ላስወስድዎት» አላቸው። «ቋንቋዋን ያውቃሉ።»

«የንስሐ ልጅነቷ የአንተ ነው። የበደልካትም አንተ ነህ። ሂድ።»

«ምን ልበላት?»

«አየህ፣ አሁንም ልትናገር ነው የምትሄደው» አሉት ሽማግሌው ተቆጥተው። «ምንም አትበላት። መሬት ተቀመጥ፤ ከእሷ ከፍ አትበል። መስቀልህን ጋቢህ ውስጥ ያዘው፤ የተጨነቀ ሰው መስቀል ሲመዘዝ ካየ ፍርድ የመጣበት ይመስለዋል። ዝም ስትል ዝም በል። ስትናገር አታቋርጣት። ‹አይዞሽ፣ ያልፋል› እንዳትላት፤ ለእሷ አላለፈም።»

«አገውኛ አልችልም እኮ፣ አባ።»

«በምትችለው አፍ ትናገር። ጌታ ወዳጁ መቃብር ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ አለቀሰ። አንተ ማን ሆነህ ነው መጀመሪያ የምትሰብከው?»

ደርበው ሲገባ የሻረግ እሳት በሌለበት ምድጃ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ቀና ብላም አላየችው። ቢሻው ወደ ውጭ ወጣላቸው። ደርበው መሬት ላይ ተቀመጠና «በሚቀልሽ ቋንቋ ተናገሪ» አላት፤ ከዚያ አፉን ያዘ።

ዝምታው ገደለው። ጥቅስ አፉ ላይ ይመጣል፣ ይውጠዋል፤ ሌላ ይመጣል። ዝናቡ አባርቶ እንደገና ጀመረ። እግሩ ደነዘዘ። አሁን ተነሥታ ብትወጣ፣ በዚያው ብትቀር ምን እሆናለሁ እያለ በላብ ተጠመቀ። ተስፋ ቆርጦ ሊነሣ ሲል በአገውኛ ጀመረች።

ብዙ ተናገረች። ደርበው አንዱንም ቃል አልያዘም። እጇን ግን ያያል። ቀኝ ክንዷን አጥፋ ልጅቷን የታቀፈችበትን ቦታ አሳየችው። ከዚያ በዚያው ክንድ ላይ ቀስ ብላ አዘነበለች፤ እንዳዘነበለችም ቆየች። ደርበው አለቀሰ።

ቀና አለች። «ገባዎት?» አለችው በአማርኛ።

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ «አዎ» እያለ ነው የኖረው።

«ሁሉም አልገባኝም» አላት።

ረጅም ጊዜ አየችው። «እንግዲያው ነገ ይምጡ» አለችው። «ደግሜ እነግርዎታለሁ።»

ሲወጣ ቢሻው በቀርከሃው አጥር ሥር ዝናብ እየመታው ቆሞ ነበር።

«ምን አለች፣ አባ?»

«ነገ ይምጡ ብላኛለች።»

«ነገ አለች? በራሷ አፍ?»

«በራሷ አፍ።»

ቢሻው ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ደርበውም አጠገቡ ተቀመጠ፤ አይዞህም አላለውም።