ለአውራ በጉ የተመታ ምስማር

ባሌ ኤልዶን አንድ በግ ለማደን ሠላሳ ዓመት ዕጣ ጠብቋል። በግ ስል የጓሮ በግ አይደለም፤ ከቤታችን በላይ ባሉት የሞንታና ገደሎች የሚኖረው፣ ቀንዱ ጆሮው ሥር የሚጠመዘዘው የተራራ አውራ በግ ነው። ፈቃዱ የሚገኘው በዕጣ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳይደርሰው ይሞታል። ኤልዶን ግን በተጋባን ዓመት ከምድጃው በላይ ትልቅ ምስማር መታና፣ "ይቺ የበጌ ራስ ቦታ ናት፤ ምንም እንዳታንጠለጥይባት" አለኝ። የእናቴን ፎቶ እንኳ ከልክሎኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ኤልዶንንም እጨምርበታለሁ።

ባለፈው ዓመት ዕጣው ወጣለት። ወጥ ቤት ውስጥ ከነጫማው ጨፈረ። በማግስቱ ጠመንጃውን ሲያወጣ ላዩ ላይ የታሰረው ማነጣጠሪያ መነጽር ውስጡ ሻግቶ ጠበቀው። ከጀርመን የሚመጣውን ለመግዛት አቅም የለንም፣ ርካሹን ደግሞ ገደል ላይ የሚያምነው የለም። የቀረው መካከለኛው ነው።

ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጃችን ትሪና ከተማው ዳር ባለው ፋብሪካ እነዚሁኑ መካከለኛ ዋጋ ያላቸውን የጠመንጃ መነጽሮች ትገጣጥማለች። ሥራውን ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል፤ አባቷ ግን አንድም ቀን የእሷን እጅ ሥራ ጠመንጃው ላይ አስሮ አያውቅም። እሷም ጠይቃው አታውቅም። እናቷ ነኝና ምን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ።

የአደን ዕቃ ሱቅ ያለው ጓደኛው ሜርል ሁለት መነጽር ይዞ መጣ፤ ትሪና አንድ አመጣች። ሦስቱም ዋጋቸው እኩል ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ተደረደሩ።

"አደራ ዳኝነትህን!" አለ ሜርል። "ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነው መቼም።"

ኤልዶን ፊቱ ቀላ። "እኔ ለማንም አላዳላም! እንዲያውም የሷን አብዝቼ ነው የማሠቃየው።"

"አሠቃየው አባዬ፤ ምን ገዶኝ" አለች ትሪና።

አሠቃያቸው። መጀመሪያ ፍሪዘር ውስጥ ከአጋዘን ሥጋዬ ጋር አሳደራቸው። ጠዋት ገላዬን ልታጠብ ስገባ ሦስቱም ገንዳዬ ውስጥ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተጋድመዋል፤ ባሌ ተንበርክኮ ያፈጥባቸዋል።

"ኤልዶን፣ እኔን እንዲህ አይተኸኝ ታውቃለህ?"

"ዝም በይ፣ አረፋ እየፈለግኩ ነው! አየር የሚያስወጣ ከሆነ እርጥበትም ያስገባል፤ ተራራ ላይ ጉም ይሞላዋል።"

ከአንደኛው የሜርል መነጽር ጥቃቅን አረፋ ተከታትሎ ወደ ላይ ወጣ። ኤልዶን ስልኩን አንስቶ፣ "ሜርል! ያንተው ተነፈሰ!" ብሎ ጮኸበት።

ቅዳሜ ተኩስ መለማመጃው ሜዳ ሄድን። የአደን ወቅት ሊገባ ሲል አገሩ ሁሉ ጠመንጃውን ሊያስተካክል እዚያ ይሰበሰባል። የኤልዶን ፈተና ቀላል ነው። አንድ ጥይት ትተኩሳለህ። ከዚያ የመነጽሩን ማዞሪያ ወደ ላይ ታዞራለህ፣ ትተኩሳለህ፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች፣ በመጨረሻም ወደ ግራ በእኩል ልክ እያዞርክ በየተራ ትተኩሳለህ። ዞረህ ዞረህ ወደ ተነሳህበት ተመልሰሃልና አምስተኛው ጥይት መጀመሪያው አጠገብ ማረፍ አለበት። ካላረፈ መነጽሩ ይዋሻል። የሜዳው የዒላማ ሳንቃ በሰው ጥይት ተበሳስቶ ስለነበር ኤልዶን ከመኪናው ወፍራም የማገዶ ግንዶች አውርዶ ለየመነጽሩ አንድ አንድ ወረቀት ለጠፈባቸው።

የሜርል የቀረው መነጽር አምስተኛው ጥይት ከመጀመሪያው ሦስት ጣት ርቆ ወደቀ።

"ንፋስ ነው" አለ ሜርል።

"ለአራቱ ተኝቶ ነበር?" አልኩት።

ቀጥሎ የትሪና ተራ ሆነ። ኤልዶን ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አምስቱንም ቀስ ብሎ ተኮሰ። ሜርል ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቀነና ሳቁን ለቀቀው።

"አራት! አራት ቀዳዳ ብቻ! አምስተኛዋ ወረቀቱንም ስታዋለች! ኤልዶን፣ ልጅህ በግ ሳይሆን ጨረቃ እንድትመታ ነው የሠራችልህ!"

ሜዳው በሙሉ ሳቀ። በሕይወቴ ሰው እንደዚያን ቀን ጠልቼ አላውቅም። ትሪና ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ቆማለች፤ ዓይኗን ግን አልሰበረችም። ኤልዶን አልሳቀም። ወደ እሷ ዞረ።

"ምን ትያለሽ?"

"መጥረቢያ ይዘህ የለም?" አለችው።

ኤልዶን መጥረቢያውን ከመኪናው አወረደና ተያይዘን ወደ ግንዱ ሄድን፤ ሳቂውም ተከተለን። ቀርበን ስናየው አንደኛዋ ቀዳዳ ከሌሎቹ ትንሽ ሰፋ ብላለች። ኤልዶን ወረቀቱን ገንጥሎ፣ ግንዱን አቁሞ፣ መጥረቢያውን እዚያችው ቀዳዳ አጠገብ አሳረፈው። ግንዱ ለሁለት ተከፈለ። ከእንጨቱ መሃል ሁለት ጥይት፣ አንዱ በሌላው ጀርባ ገብቶ፣ ተጨፍልቀውና ተጣብቀው ታዩ።

ሜርል ባርኔጣውን አወለቀ።

"ይሄን የሠራችው ልጄ ናት" አለ ኤልዶን።

"እሱንማ አውቃለሁ" አለ ሜርል።

"አታውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።" ቀጥሎ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ድምፁን የማያሰማው ባሌ፣ "ልጄ ናት የሠራችው!" ብሎ ጮኸ። እኔ ደረቴን ነፍቼ አለቀስኩ፤ አላፍርም።

በጥቅምት ያንኑ መነጽር አስሮ ተራራ ወጣ። በረዶ ላይ ተንሸራቶ መነጽሩን ከድንጋይ ጋር አላተመው፤ ጭረቱ እስካሁን አለ። በጉን ግን በአንድ ጥይት ጣለው።

የበጉ ራስ ከሚያደርቀው ባለሙያ ተመልሶ የመጣው ክረምቱ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ ነው። እንዴት ያለ ቀንድ መሰላችሁ! ምስማሩን በጨርቅ ወልውዬ ጠበቅኩ። ኤልዶን ግን በጉን ይዞ አለፈኝና ጓሮ በር ላይ፣ ጭቃ ጫማ የምናወልቅበት ቦታ ሰቀለው። ከዚያ ከጋራዡ የዚያን ግንድ ግማሽ አምጥቶ ምስማሩ ላይ ሰቀለ። ሁለቱ ጥይቶች መሃሉ ላይ እንደተጣበቁ ናቸው።

እሁድ ትሪና ለምሳ መጣች። ከምድጃው በላይ ስታይ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

"አባዬ… በጉስ?"

ኤልዶን ከድንቹ ላይ ቀና ሳይል፣ "ጫማ እየጠበቀ ነው" አላት።