አሥራ አንድ ስሞች

ሙሉወርቅ በ1978 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ወደ አሰበ ተፈሪ የመጣችው ከጅቡቲ ስደት የተመለሱ ቤተሰቦችን ልጆች ልታጠና ነበር። ልጆቹ አማርኛው አልገባ እያላቸው፣ ጢማቸው ያቆጠቆጠው ሁሉ ከሕፃናት ጋር አምስተኛ ክፍል ይቀመጣሉ።

እናቶቹ መጀመሪያ በግማሽ አፍ ነበር የሚያወሯት። ኋላ የኩብራ ትንሿ ልጅ መይሙና በወባ ስትወድቅ ሙሉወርቅ አዝላ ክሊኒክ አደረሰቻት። ያን ቀን ኩብራ ልቧን ከፈተችላት።

«መስዑድ አሥራ አምስት ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ለቀበሌም እንደዚያው ነው ያስመዘገብኩት። ወላሂ፣ አሥራ ስምንት ሞልቶታል። ስንሰደድ አባቱን በረሃ ቀብሬያለሁ፤ እሱን ለጦር አልሰጥም።»

«እኔ ዘንድ ይቀራል፣ እትዬ ኩብራ» አለች ሙሉወርቅ።

ግን የጥናት ቅጿ ላይ ጻፈችው። ዕድሜው ከተሳሳተ ጥናቱ ምን ዋጋ አለው? ኩብራን አይተው ሌሎቹም እናቶች እውነቱን ነገሯት።

ሥራዋን ጨርሳ መሸኛ ስትጠይቅ የቀበሌው ሊቀመንበር ዳምጤ፣ «ቅጾቹን ተይልንና አይተን ማኅተም እንምታበት» አላት። ምስጢር ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ የዓመት ልፋቷ ታወሳትና ዘጋችው። ይሄን ሁሉ ወረቀት ማን ያነባል ብላ ራሷን አጽናንታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

በሦስተኛው ቀን ስትመለስ አሥራ አንድ ስሞች በቀይ እርሳስ ተሰምሮባቸዋል።

«የመስዑድን ዕድሜ ተሳስቼ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። አሥራ አምስት ነው።»

«የተማረ ሰው ጽፎ ይሳሳታል?» አለ ዳምጤ። «ደግሞ ልጁ ጠዋት ተወስዷል።»

ሙሉወርቅ እየሮጠች ኩብራ ቤት ደረሰች። ከክፍል ከነደብተሩ እንደወሰዱት ኩብራ ሰምታለች፤ ዕድሜውን እንዴት እንደደረሱበት ግን አላወቀችም። ሙሉወርቅ እያለቀሰች ነገረቻት። ኩብራ አንድ ጊዜ ብቻ አየቻትና ሻሿን አነሳች።

«ሌላስ የማንን ጻፍሽ?»

«የአሥር ልጆች።»

«ተነሺ! ስማቸውን እየነገርሽኝ እንሂድ።»

ፀሐይ እስክትጠልቅ ከቤት ቤት ዞሩ። አራቱን ልጆች ደርሰውባቸው በጫት መኪና ወደ በደሳና ወደ ቦኬ ገጠር አሻገሯቸው። ስድስቱ ተወስደው ነበር። መጨረሻ የደረሱበት ቤት፣ ልጇን የተነጠቀችው ረዲያ በእንባዋ መሃል ሙሉወርቅን አየችና፣ «ይቺን ደግሞ ምን አመጣት?» አለች።

«እንግዳዬ ናት» አለች ኩብራ።

ከመስዑድ አንድ ደብዳቤ ከሰሜን ግንባር መጣ፤ ከዚያ ወሬው ጠፋ። ሙሉወርቅ ጥናቱን ሳታስገባ ቀረች። ጦርነቱ ባበቃ ዓመት ተመልሳ የኩብራን በር አንኳኳች። ኩብራ አስገባቻት፣ ውሃ ቀድታ ሰጠቻት። ብዙ ተቀመጡ። የልጁን ስም አንዳቸውም አላነሱም።