የትልቁ እንግጫ ባለቤት

ክረምት ለሌላው ማረፊያ ነው፤ ለደጊቱ ግን የዩኒፎርም ወቅት ነው። ሐምሌ ከገባ ጀምሮ የእንጅባራ እናት ሁሉ ልጇን እየጎተተች እሷ ስፌት ቤት ደጅ ትሰለፋለች። ባሏ ዓባይነህ መምህር ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጃቸውን ሜላትን ይዞ ዘንገና፣ ታላቅ እህቱ ውዴ ዘንድ ይከርማል። ደጊቱ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ትቀራለች።

የሚደርሳት ፎቶ ነው። ሜላት ከውዴ ጋር ድንች ስትቆፍር። ሜላት ፈረስ ላይ፣ ውዴ ልጓሙን ይዛ። ሜላት ሐይቁ ዳር፣ የውዴን ጋቢ ተከናንባ። «ትዝታ እየሰበሰብን ነው» ብሎ ይጽፍበታል ያ የዋህ ባሏ። እሷ ፎቶውን ባየች ቁጥር አንድ መርፌ ትሰብራለች። ውዴ አልወለደችም፤ ደጊቱም ለዚህ ከልቧ ታዝንላታለች። ግን ማዘን ሌላ፣ ልጅን ማስረከብ ሌላ!

ዘንድሮ አንጀቷ አልቻለም። በዘመን መለወጫ ዋዜማ ስፌት ቤቱን ቆልፋ፣ በጥሊሊ ሚኒባስ ተሳፍራ ከተፍ አለች።

ሜላት ደጃፉ ላይ እንግጫ ስትጎነጉን አገኘቻት። ልጃገረዶች በማለዳ የነቀሉትን ይህን ሣር ጎንጉነው፣ ጠል እንዲጠጣ ውጭ ያሳድሩትና በዮሐንስ ጠዋት በሚወዱት ሰው ራስ ላይ ያስሩታል። ሜላት ሦስት ጎንጉናለች። አንዱ ከሌሎቹ ወፈር ብሎ ያምራል።

«ይሄ ትልቁ የማን ነው?» አለች ደጊቱ፣ እንደ ዋዛ።

«የእትዬ ውዴ ነዋ! መጀመሪያ የማስረው ለሷ ነው።»

«ለኔስ?»

«አንቺማ ሁልጊዜ አለሽ፣ እማ» አለች ልጅቱ፣ ትንሹን ብድግ አድርጋ እያሳየቻት። ከዚያ ወደ ውዴ ዞራ በአገውኛ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ሁለቱም ሳቁ። ደጊቱ አገውኛ አታውቅም። ቅናት የያዘው ሰው ደግሞ ያልገባው ሳቅ ሁሉ በሱ ላይ ይመስለዋል።

ሲነጋጋ ቀድማ ተነሣች። አጥሩ ላይ ከተሰቀሉት ሦስት እንግጫዎች ትልቁን አውርዳ ጥጃው ፊት ጣለችው። ጥጃውም እግዜር ይስጥልኝ ሳይል ዋጠው። ቀና ስትል ውዴ ማለቢያዋን ይዛ በረቱ በር ላይ ቆማለች። ተያዩ። ውዴ ወደ ላሟ ሄደች።

ሜላት ተነሥታ ትልቁን ስታጣው እሪታዋን አቀለጠችው።

«ጥጃው ነው የበላው፣ የኔ እመቤት» አለቻት ውዴ። «ሳላስረው አድሬ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ልጅቱ እንባዋን እየጠረገች አንዱን ለአባቷ አሰረች፤ የቀረውን ለእናቷ። ዓባይነህ ስልኩን አውጥቶ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» አለ። ደጊቱ በመጨረሻ ፎቶው ውስጥ ገባች፤ ያውም መሐል፣ እንግጫ ደፍታ። ውዴ ባዶ ራሷን ዳር ቆማለች። ፎቶው እንደተነሣ ወደ ደጊቱ ጆሮ ተጠጋች።

«ለማንም አልናገርም። ብቻ ልጅቱን ለከርሞ እንዳትከለክይኝ።»

ደጊቱ ይህን ስትሰማ መጸጸት ነበረባት። እሷ ግን ጭራሽ ባሰባት። ልጇን ወሰደችባት፣ ክረምቱን ወሰደችባት፤ አሁን ደግሞ ደግነቱን ጠቅልላ ልትወስደው ነው? ይህንንስ አልተውላትም!

«ሜላት» አለች ጮክ ብላ፣ «ጥጃው ራሱ አላወረደውም። እኔ ነኝ አውርጄ የሰጠሁት። ቀንቼ ነው።»

ዓባይነህ ስልኩን ዝቅ አደረገ። ሜላት እናቷን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ተንጠራርታ እንግጫውን ከእናቷ ራስ ላይ ፈታችና ሄዳ በውዴ ግንባር ላይ አሰረችው። ጨርሳም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ልክ አባቷ ያጠፋ ተማሪ ፊት እንደሚቆመው እናቷ ፊት ቆመች።

«ላንቺ ለከርሞ። እዚሁ መጥተን፣ አብረን ነቅለን።»

«እሺ» አለች ደጊቱ፤ ባዶ ግንባሯ እያቃጠላት።

ውዴ ፊቷን ወደ በረቱ አዙራ ታለቅስ ነበር።