የተረፈው መኖ

ጥንቸል ጠባቂው ከመድኃኒት ምርምር ተቋሙ ጡረታ ከወጣ አሥራ አንድ ዓመት ቢሞላውም የዚያ ክፍል ሽታ ከአፍንጫው አልወጣም፤ ድርቆሽ፣ አልኮል፣ የታጠበ ሲሚንቶ። አርባ የሽቦ ቤት ነበረው፤ በየቤቱ አንድ ጥንቸል። ጠዋት ስብ የተለወሰበት መኖ ያድላል፣ ማታ የተረፈውን ይመዝናል። ደም የሚቀዱት የተማሩት ናቸው፤ የደም ስብ የሚቀንስ አዲስ ውህድ እየሠሩ፣ መኖው ውስጥ እየቀላቀሉ በእሱ ጥንቸሎች ላይ ይሞክሩ ነበር።

አንድ ቀን አሥራ ሰባተኛው ውህድ ስቡን በግማሽ አወረደው ተባለና ተመራማሪዎቹ ተቃቀፉ። እሱ በሩ ላይ እንደቆመ፣

«ኧረ እነዚህ ጥንቸሎች መኖውን እየተዉት ነው። ሳይበሉ ስቡ ከየት ይመጣል? መድኃኒቱ መሯቸው ይሆናል» አለ።

የምርምሩ ኃላፊ፣ «ፕሮፌሰራችን ተናገሩ፤ በሉ ወንበር ልቀቁላቸው» ሲል ሁሉም ሳቀ። ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ሰው እውነት ሲናገር ቀልድ ይመስላቸዋል መሰል። ውህዱን የሠራችው ኬሚስት ብቻ አልሳቀችም፤ አልተናገረችምም።

ከስምንት ወር በኋላ ውህዱን ከመኖው ለይተው በቱቦ ሆዳቸው ውስጥ ቢጨምሩት ጥንቸሎቹ መኖውን ጨርሰው በሉ፤ ስቡም አልወረደ። የውህዱ ሥራ ተዘጋ። «አንተ ብለህ ነበር» ያለው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ነገሩን ይዞ ቤቱ ገባ፤ ለሚስቱ ስንት ጊዜ አወራላት፣ አንድ ቀን እንኳ አላመነችውም።

ባለፈው ሰኞ ጤና ጣቢያ ከሚስቱ ጋር ወረፋ ሲጠብቅ ኬሚስቷ ምርኩዝ ይዛ ገባች።

«የጥንቸሎቹ አባት፣ አለህ እንዴ?»

«አለሁ ዶክተር። ሰው አላስታወሰንም ብለን አንሞት።»

አጠገቡ ተቀመጠች። «ያን ዕለት አንተ ስትወጣ ውህዱን በጣቴ ቀመስኩት» አለች። «ሬት ነው። ለሥራዬ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ሃያ አምስት ዓመት ያጠራቀመው ስድብ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። መልሶ ዋጠውና፣ «ለእኔ አይንገሩኝ፣ እኔማ አውቀዋለሁ። ለእሷ ይንገሩልኝ» አለ።

ነገረቻት። ሚስቱ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ይህን ሁሉ ዘመን ጆሮዬን ያደነቆርከኝ እውነትህን ኖሯል።» ወደ ኬሚስቷ ዞረች። «እርስዎስ ለሥራዎ ፈርተው ነው። እኔ ምን አስፈርቶኝ ነው ያላመንኩት?»

እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ክፍል ሳያማርር ለሚስቱ አወራላት፤ ጠዋት መብራት ሲያበራ ሰማንያ ጆሮ በአንዴ እንዴት ቀጥ ይልለት እንደነበር።