ሞጣ የደረሰችው አንድ ጉንጭ ውኃ

ይርጋነሽ አፏ ተዘግቶ አይውልም። ይህን የሚሉት ጠላቶቿ ብቻ ቢሆኑ ደግ ነበር፤ ሐኪሟም ያንኑ አለቻት።

ቢቸና ገበያ ሃያ ዓመት ሙሉ ጤፍ ስትነፋና ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። መጋቢት ሲገባ ደረቅ ሳል ያዛት፤ በፌጦም በዳማከሴም አልለቅ ሲላት ጤና ጣቢያ ሄደች። ሲስተር ማስተዋል ጀርባዋን አዳመጠች፣ ጉሮሮዋን በባትሪ አየች፣ ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

«እትዬ ይርጋነሽ፣ የሚተነፍሱት በምንዎ ነው?»

«በነፍሴ ነዋ! በምን ሊሆን ኖሯል?»

«በአፍዎ ነው። ከገቡ ጀምሮ አንዴም አልተዘጋም።»

«ጠየቅሽኝ፣ መለስሁ። ተዘግቶ የሚመልስ አፍ የት አይተሻል?»

ሲስተር ማስተዋል ሳቋን ዋጠች። «ጤፍ የሚነፉበት ወንፊት ቢቀደድ ምን ይሆናል?»

«ገለባው ከጤፉ ጋር ይወርዳላ።»

«አፍንጫ ወንፊት ነው። ጸጉሩ አቧራውን ይይዛል፤ ቀዝቃዛውን አየር ያሞቀዋል፣ ደረቁን ያረጥበዋል። አፍ ግን በር ነው፤ የመጣውን ሁሉ ግባ ይላል። ጠዋት ሲነሡ ምላስዎ ቁርበት የሚሆነው ለዚያ ነው። በአፍንጫ ሲተነፍሱ ትንፋሹ ዝግ ይላል፣ ልብም ይረጋል።»

ወንፊት ሲባል ይርጋነሽ ገባት። ስለ ወንፊት ማንም አይዋሻትም። «እንዴት ይለመዳል ታዲያ?»

«አንድ ጉንጭ ውኃ ይያዙና ትንሽ ይራመዱ። አፍ ሥራ ከያዘ አፍንጫ ሥራውን ያውቃል።»

ትንሽ አለች። ይርጋነሽ ደግሞ ነገር ከያዘች በትንሽ አታውቅም።

በማግስቱ ዓርብ ነበር፤ ሞጣ የምትሄድበት ቀን። ሞጣ ታናሽ እኅቷ አየሁሽ አለች። አራት ዓመት ተኳርፈዋል። የጠቡ ምክንያት ጠላ ነው። በእናታቸው ተዝካር ላይ አየሁሽ የጠመቀችውን ይርጋነሽ ቀመሰችና ካህናቱ እየሰሙ «ይኸ ጠላ ነው ወይስ የገንቦ እጣቢ?» አለች። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ገባ። በመጀመሪያው እርቅ ይርጋነሽ «ይቅር ብያለሁ፤ ጠላው ግን እጣቢ ነበር» ብላ አፈረሰችው። በሁለተኛው ደግሞ «ስለ ጠላው አላነሣም» ብላ ጀመረችና ስለ ጠላው እስከ ማታ አነሣች።

አሁን የአየሁሽ ልጅ ጸደንያ ልትዳር ነው፤ ሠርጉ ለዳግም ትንሣኤ ተቆርጧል። ከጠቡ በፊት ጸደንያን ቢቸና ወስዳ፣ ጸጉሯን እየሠራች አራት ዓመት ያስተማረቻት ይርጋነሽ ናት። ሽማግሌዎቹም ቁርጡን ነገሯት፦ ሦስተኛው እርቅ ከፈረሰ አራተኛ የለም፤ ሠርጉንም ከአጥር ውጭ ሆነሽ ትሰሚዋለሽ።

የቢቸናው ሽማግሌ ጋሽ ስጦታው መናኸሪያ ድረስ ሲመክሯት መጡ። «ይርጋዬ፣ ዛሬ አፍሽን ዝጊ። አደራሽን ዝጊ።»

እሷ ግን ልቧ ከሳሏ ጋር ነበር። ከትኬት ቆራጩ ጀርባ ዞር አለችና ከጀሪካን አንድ ጉንጭ ውኃ ሞላች። ሑዳዴ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይቀመስም። ያልተዋጠ ውኃ ግን ጾም አይሽርም ብላ ፈረደች። ቄስ ብትጠይቅ አይሆንም ሊሏት ይችላሉ፤ ስለዚህ አልጠየቀችም። ሞጣ ስትወርድ ትተፋዋለች፤ አለቀ።

ሚኒባሱ ተነሣ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ተሳፋሪው ግን ነፋስ ይመታናል ብሎ መስኮቱን ሁሉ ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። አቧራው በወለሉ ገባ። ደብረ ወርቅ ሳይደርሱ ሰው ሁሉ ይስላል። ይርጋነሽ አትስልም። ጉንጯን እንደ ጡሩምባ ነፊ ነፍታ፣ በአፍንጫዋ ቀስ ብላ ትስባለች፣ ቀስ ብላ ትለቃለች።

«እትዬ፣ ወዴት ነዎት?» አለ ረዳቱ።

በጣቷ ወደ ፊት አሳየችው።

«ሞጣ ነው ባሕር ዳር?»

ጋሽ ስጦታው ደረታቸውን ነፉ። «ሞጣ ነው። አትናገርም። አፍሽን ዝጊ ብያት ነው። ሃያ ሁለት ጠብ አስታርቄአለሁ፣ እንዲህ ቃሌ የሠራበት ቀን የለም!»

ከኋላ አንዲት ሴት «አባቴ፣ ለባሌም እንደዚያ በሉልኝ» አለች፤ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ይርጋነሽ ልትስቅ ነበር። ግን ከሳቀች ውኃው የሾፌሩ ማጅራት ላይ ነው። እግሯን ቆነጠጠችና ሳቁን ቻለችው።

ደግሞ አንድ ነገር ገረማት። ዓለም ሽታ ሽታ አላት። ከወንበር ሥር የታሰረው ዶሮ፣ የረዳቱ አዲስ ጫማ፣ የባሕር ዛፉ። ይኸ ሁሉ እስካሁን የት ነበር?

ሞጣ ደረሱ። የሚኒባሱ በር ሲከፈት የሞጣው አስታራቂ ቄስ ገብረ ኪዳን መስቀላቸውን ዘርግተው ቆመዋል። መስቀል ፊት እንትፍ አይባልም፤ በተዘጋ አፏ ተሳለመች። ከዚያ ቄሱ በቀኝ፣ ጋሽ ስጦታው በግራ መሐል አስገቧት፤ ከዚህ ቀደም አንዴ ከመንገድ ተመልሳ ነበርና ዛሬ እንድታመልጣቸው አልፈለጉም። አጥር ሥር ዞር ልበል ብትል በምን አፏ ትበል? ውኃው ከእሷ ጋር ግቢ ገብቶ ተቀመጠ። ለብ ብሏል።

በአየሁሽ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ቄስ ገብረ ኪዳን ጸሎት አደረሱና «ተበዳይ ትናገር» አሉ።

አየሁሽ ተነሣች። አራት ዓመት ያጠራቀመችውን አወረደችው። «ያች ሴትዮ» እያለች ነው፤ ድሮ «እታለም» ነበር የምትላት። «ያች ሴትዮ በእናቴ ተዝካር አዋረደችኝ! ሌሊቱን ሙሉ ስጠነስስ የማገዶው ጭስ ዓይኔን ሊያጠፋው!» አለችና እንደ ልማዷ መልስ ልትቀበል ቆም አለች።

ይርጋነሽ ጉንጯን እንደነፋች አየቻት።

«ምነው? አትመልሺም?»

ይርጋነሽ በአፍንጫዋ ስባ በአፍንጫዋ ለቀቀች።

አየሁሽ ግራ ገባት። ነገር ጨመረችበት። «ያንቺስ ሽሮ? አባታችን ይማረውና፣ ‘ይርጋነሽ ከሠራችው ጾሜን ልዋል’ ይል አልነበረም?»

ሌላ ጊዜ ይኸ ነገር ቢነገር ገበያ ይፈታ ነበር። አሁን ግን ትንፋሿ ዝግ ብሏል፤ ልቧ ረግቷል። ያን ጊዜ ከጓዳ ነፋስ መጣ። ለዘጠኝ ሰዓት ጾም መፍቻ የተከፈተው የአየሁሽ ገንቦ ሸተታት። ጌሾው ልክ፣ አሻሮው ልክ፣ ገንቦው በወይራ የታጠነ። የእናቷ ጠላ ነው። ራሱ ነው። እናቷ ከጓዳ የወጣች መሰላት።

ይርጋነሽ ደነገጠች። በተዝካሩ ዕለት ሦስት ቀን አልቅሳ አፍንጫዋ ጥርቅም ብሎ ተደፍኖ ነበር። በአፏ እየተነፈሰች ነበር የቀመሰችው። በተደፈነ አፍንጫ እንኳን ጠላ ሚጥሚጣስ ይለያል? እንባ ከዓይኗ ዱብ አለ።

አየሁሽ እንባውን አየች፤ እሷም አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጋሽ ስጦታው «በሉ እንግዲህ!» አሉ።

«ይርጋነሽ» አሉ ቄሱ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር በይ።»

ራሷን ነቀነቀች።

«ራስ ነቅንቆ እርቅ የለም። ነገ ምስክር ይቆጠራል፤ በአፍሽ በይው።»

«ተናገሪ» አሉ ጋሽ ስጦታው፣ «አሁን ፈቅጄልሻለሁ።»

አሁን ጉድ ፈላ። ብትውጠው ጾሟ ይፈርሳል፣ ቄስ ፊት። ብትተፋው በእርቅ ቦታ መትፋት ነው፤ ሽማግሌው ከምንጣፉ ተነሥቶ ይሄዳል። ዝም ብትል ደግሞ እንቢ ማለት ነው። ላብ በጆሮዋ ሥር ወረደ። ጋሽ ስጦታው ለመሄድ ጋቢያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ቤቱ በር ላይ የቆመችው ጸደንያ ፊቷን አዙራ ታለቅስ ጀመር።

ይርጋነሽ ብድግ አለች። በሰዎቹ መሐል አልፋ ጸደንያን በሁለት እጇ ትከሻዋን ያዘቻት። ቤተሰቡ ውስጥ ታላቂቱ እሷ ናት፤ እናታቸው ልጅ ስትመርቅ እትፍ እትፍ ትል ነበር።

«እትፍ!»

የቢቸና ውኃ፣ አንድ ጉንጭ ሙሉ፣ ሙሽሪት ላይ አረፈ። የቀረው ተከትለዋት ከጸደንያ ጎን ለቆሙት ለቄስ ገብረ ኪዳን ጥምጥም ደረሰ።

ጸደንያ ቅንድቧን ጠረገች። «አክስቴ… ምርቃት ነው?»

«ምርቃት ነው! ውለጂ ክበጂ! ይቅር ለእግዚአብሔር! እኔም ይቅር ብያለሁ፣ አየሁሽም ይቅር በይኝ!» በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

«ይኸ ሁሉ ምራቅ ከየት መጣ?» አሉ ቄሱ ጥምጥማቸውን እየዳበሱ።

ይርጋነሽ ስለ ወንፊቱም ስለ ሲስተሯም ነገረቻቸው። ጋሽ ስጦታው አንገታቸውን ደፉ፤ ዝምታው የእሳቸው ምክር ያመጣው አለመሆኑ ከውኃው ይልቅ አበረዳቸው።

«ዋጥሽው?» አሉ ቄሱ።

«ጠብታ አልወረደም፣ አባ!»

«እንግዲያስ ጾምሽን ነሽ። አርባ ስግደት ግን ስገጂ።»

«ለውኃው ነው?»

«ለጠላው ነው» አሉ።

አየሁሽ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ቆይ፣ አባ። አጥፍቻለሁ አላለችም።»

ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ይርጋነሽ አጥፍቻለሁ የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አሰበች። «ጠላሽ ደኅና ነበር» አለች በመጨረሻ። «ያን ጊዜ አፍንጫዬ ተደፍኖ ነው። ጥፋቱ የአፍንጫዬ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ተመካከሩ። «አፍንጫም የሰውነት ክፍል ነው፤ ባለቤቱን ያስይዛል» ብለው ፈረዱ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ጠላው ተቀዳ፤ የመጀመሪያው ዋንጫ ለይርጋነሽ ተሰጠ። ከመጠጣቷ በፊት አሸተተችው። ጠጣች። «ጌሾው ልክ ነው» አለች። ግቢው ተነፈሰ። ከዚያ ከንፈሯ እንደገና ሲከፈትና «ብቻ…» ስትል አየሁሽ ከጓዳ ሮጠች። ጣሳ ሙሉ ውኃ ይዛ መጣችና አፏ ላይ ደገነችላት።

«እታለም» አለቻት፣ «ተጎንጪና ያዢው።»