የነጎድጓድ እጅ

ማስታወቂያው የተለጠፈው በሆስፒታሉ የሠራተኞች መግቢያ በር ላይ ነበር። ቀድማ ያየችው ልብስ ተኳሿ ናት። አንሶላ የሞላ ጋሪዋን እየገፋች ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባችና፣ «ነጎድጓድ! ኮንሰርት አላችሁ አይደል? ለኛ እንኳ ትንፍሽ ሳትይ!» አለች።

ነጎድጓድ የሚሏት ለድምፅዋ አይደለም፤ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነው። ለእጇ ነው። በሥራ ቀን ከትልልቆቹ ማሽኖች እርጥብ አንሶላ እየጎተተች ወደ ማድረቂያው ትወረውራለች። በእረፍት ቀኗ ደግሞ ከበሮ ትመታለች። የሙዚቃ ቡድኑን ያቋቋሙት እሷ፣ ባሏና የባሏ ታናሽ ወንድም ናቸው። ባሏ ቫዮሊን፣ ዋርሳዋ አኮርዲዮን፣ እሷ ከበሮ። የአያት የቅድመ አያት ዜማ እየተጫወቱ ከሠርግ ሠርግ ሲዞሩ ወጣትነታቸው አለቀ።

«የምን ኮንሰርት?» አለች።

«ኧረ ተይ! በር ላይ ተለጥፎ የለም እንዴ?»

ነጎድጓድ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወጣች። ወረቀቱ ላይ የቡድናቸው ስም በደማቁ ተጽፏል። ከሥሩ፣ «የድሮ ዜማዎች በትንንሽ ቤቶች» ይላል። ቦታዎቹም ተዘርዝረዋል፤ የጡረተኛ ባቡር ሠራተኞች ክበብ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ከመጻሕፍት መደብሩ ጀርባ ያለችው ክፍል። ፎቶውም አለ። ባሏ ቫዮሊኑን ታቅፎ ቆሟል። ዋርሳዋ አኮርዲዮኑን አንግቶ ጥርሱን ያሳያል። መሀላቸው ላይ፣ እሷ ሁልጊዜ በምትቆምበት ቦታ፣ አንዲት ወጣት ኮምፒውተር ይዛ ቆማለች።

ነጎድጓድ ወረቀቱን ደጋግማ አነበበችው። ራሷን የትም አጣች።

ከሁሉ በላይ ቆሽቷን ያሳረራት ግን ሐሳቡ የራሷ መሆኑ ነው። በሠርግ ላይ መጫወት አስጠልቷት፣ «ሰው እየበላ፣ እየተንጫጫ፣ እኛን ማን ይሰማናል? ትንንሽ ቤት እንፈልግ፤ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥበት» ያለቻቸው እሷ ነበረች። ያኔ ዋርሳዋ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ «እናስብበታለን» ብሏት ነበር። ከዚያ ልምምዱ ቀረ። «ጊዜው ቀዝቅዟል፤ አንቺም ደክሞሻል፤ ትንሽ ዕረፊ» አላት። ባሏም ወንድሙ ጋራዡን ሲያድስ ሊያግዘው እንደሚሄድ እየነገራት ማምሻውን ይወጣ ጀመር። እሷም አምና፣ ሲመለስ እንዲበላ እራቱን ታሞቅለት ነበር። ይህ ትዝ ሲላት ደሟ ፈላ።

ከሥራ እንደወጣች ቤቷ አልሄደችም። በቀጥታ ወደ ዋርሳዋ ጋራዥ አመራች። የሚለማመዱት እዚያ ነው።

የቆርቆሮው በር ተዘግቷል። ከውስጥ አኮርዲዮን ይሰማል፤ ቫዮሊን ይሰማል፤ ከበሮም ይሰማል። በሩን ልትደበድብ እጇን አንስታ ቀረች። «ሌላ መቺ ቀጥረዋል ማለት ነው» ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። መቺው ጥሩ ነው። ዜማው ሲታጠፍ ግን ግራ እጁ በጣም ጥቂት፣ ከትንፋሽ ባነሰ፣ ዘግየት ይላል። እንደገና ሲታጠፍም ዘግየት አለ።

ነጎድጓድ የግራ እጇን አየች። የማድረቂያው በር የቀጠቀጠባት የቀለበት ጣቷ እስከ ዛሬ በደንብ አይታዘዝላትም። ዘግየት የሚለው እሱ ነው። ከውስጥ የሚመታው ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሷ ናት።

ትዝ አላት። አንድ ቀን ዋርሳዋ ከበሮዋ አጠገብ ማይክሮፎን ተክሎ፣ «ለማስታወሻ ነው፤ ለልጅ ልጅ ይቀራል» ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲያስመታት ውሎ ነበር።

በሩን በእግሯ ከፈተችው።

አኮርዲዮኑ ተንፍሶ ዝም አለ። ቫዮሊኑም ቆመ። ጥግ ላይ ከተቀመጠው ድምፅ ማጉያ ግን የእሷ ከበሮ ያለ ሰው ይመታ ነበር። ዋርሳዋ ተደናብሮ አጠፋው።

«እንዴ፣ እትዬ! ግቢ እንጂ። ልንነግርሽ ስናስብ እኮ...»

«በሩ ቀደማችሁ! የሆስፒታሉ በር ነገረኝ!»

«ተረጋጊ እስቲ። ቤቶቹ ጠባብ ናቸው። ያ ከበሮሽ ብቻውን የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል። አዘጋጆቹ ደግሞ ወጣት ፊት ፈለጉ። ዕድሜ ነው፤ ምን ይደረግ?»

«ዕድሜ? አንተ ጠጉርህን ቀለም ነክረህ ጎረምሳ ልትሆን ነው? ትራስህን ጠይቀው፤ እሱ ያውቅሃል!»

ዋርሳዋ ሳያስበው እጁን ወደ ጠጉሩ ሰደደ። ነጎድጓድ ወደ ባሏ ዞረች። የቫዮሊኑን መምቻ ደጋን እያላላ መልሶ እያጠበቀ፣ ዓይኑን ከወለሉ አያነሳም።

«አንተስ?»

«እሱ ሊነግርሽ...»

«እሱን አልጠየቅሁም። አንተን ነው።»

«እንዳትከፊ ብዬ ነው» አለ ባሏ።

«እንዳልከፋ! አልጋ ተጋርተን፣ ማዕድ ተጋርተን፣ ስወጣ ስገባ እያየህ፣ እንዳልከፋ ብለህ! እኔስ ምን ዓይነት ጅል ነኝ፤ ደክሞሃል ብዬ እኮ ጀርባህን ሳሽልህ ነበር!»

ዋርሳዋ መሀል ገባ። «ለነዚህ ዝግጅቶች ብቻ ነው፤ ልጅቷ ሁሉን አቀናብራ ጨርሳለች። ደግሞ እትዬ፣ ሙዚቃው እኮ የሕዝብ ነው፤ የማንም የግል...»

«ሙዚቃው የሕዝብ ነው። እጁ ግን የኔ ነው!» አለች። ያ ለስላሳ ድምፅዋ ቆርቆሮውን አነቃነቀው። «ፊቴን ካልፈለጋችሁት እጄንም አትፈልጉት። ቀረጻውን አጥፉት።»

ዋርሳዋ አጠፋለሁም አላጠፋምም አላለም። «እስቲ እናስብበታለን» አለ። ይህችን ቃሉን ታውቃታለች፤ ስትነገር ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

የዚያን ዕለት የባሏን ብርድ ልብስና ትራስ ሶፋው ላይ ወረወረችለት። ይቅርታ ሊላት ሲጀምር መኝታ ቤቱን ዘጋችበት። በነጋታው ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላውን ስትወረውር ማድረቂያው ከነእግሩ ተንቀጠቀጠ።

«ማሽኑ ምን አደረገሽ?» አለቻት ተኳሿ።

ነጎድጓድ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ተኳሿ አፏን በእጇ ይዛ ሰማችና፣ «ተነሺ፤ የለጠፉትን ሁሉ ሄደን እንቦጫጭቀው» አለች።

«አልቦጫጭቅም። ኮንሰርት መጥታችሁ ስሙ አይደል ያሉት? ሄጄ እሰማለሁ።»

«እሄዳለሁ ካልሽ ቀሚስሽን አምጪው። የተጨማደደ ለብሰሽ አትናደጂም።»

የመጀመሪያው ዝግጅት እሁድ ከሰዓት በኋላ በባቡር ሠራተኞች ክበብ ነበር። ክበቡ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ በሰም የተወለወለ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የአሮጌ ባቡሮች ፎቶ ተደርድሯል። ድሮ ባቡር ነጂ የነበሩት የክበቡ ኃላፊ በር ላይ ቆመው ትኬት ይቀድዳሉ። ነጎድጓድና ተኳሿ እንደ ማንም ሰው ትኬታቸውን ቆርጠው ገቡና መሀል ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ ሞልቶ ነበር። ቦታው ጠባብ ነው የተባለውን አስታውሳ መድረኩን በዓይኗ ለካችው። ከበሮዋ ከነወንበሯ ገብቶ ቦታ ይተርፋል። ይህም ሌላ እሳት ሆነባት።

ሙዚቀኞቹ ገቡ። ባሏ አላያትም፤ ዋርሳዋም አላያትም። ኮምፒውተሩን የያዘችው ልጅ ነካ ስታደርገው ከበሮው ተነሳ። ሰዉ ገና ከመጀመሪያው በእግሩ ይመታ ጀመር። ነጎድጓድ በገዛ እጇ ምት ሌላው ሲደሰት ጥርሷን ነክሳ ሰማች። ፊት ለፊቷ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ወደ ጎረቤታቸው ዞረው፣ «ይሄን ከበሮ የመታው ሰው የዋዛ አይደለም» አሉ። ተኳሿ ልትናገር ስትል ነጎድጓድ ጭኗን ቆነጠጠቻት።

ዜማው ሲያልቅ ልጅቷ ማይክሮፎኑን ያዘች። ዓይን አፋር ናት።

«የምትሰሙት ከበሮ በቀረጻ የተገኘ ነው» አለች። «መቺዋን በአካል አላገኘኋትም። በየቀኑ ስሰማት ግን የማውቃት ይመስለኛል። አሁን በሕይወት የለችም። ይህንን ዝግጅት ለእሷ መታሰቢያ እንድናደርገው ስለምፈልግ፣ እባካችሁ ለአፍታ ተነስተን በጸሎት እናስባት።»

ወንበሮች ተንቋቁ። ሰዉ ሁሉ ተነስቶ አንገቱን ደፋ። የክበቡ ኃላፊ ኮፍያቸውን አወለቁ። ባሏ ክው ብሎ ወደ ወንድሙ ዞረ። ዋርሳዋ የአኮርዲዮኑን ቁልፎች ይቆጥር ይመስል አቀርቅሯል።

ጸጥ ባለው ክፍል ውስጥ ነጎድጓድ፣ «ማነው የገደለኝ?» አለች።

ሰዉ ዞረ።

«ንገሩኛ! መቼ ነው የሞትኩት? ማነው የቀበረኝ? ባሌ እንኳ አላለቀሰልኝም፤ ይኸው ቫዮሊን ይጫወታል!»

አንዳንዱ ሳቀ። የዝግጅቱ አካል መስሎት ያጨበጨበም ነበር።

«አትሳቁ! ቲያትር አይደለም። ከበሮውን የመታሁት እኔ ነኝ። ሳይነግሩኝ ፊቴን ቆርጠው ጣሉ፤ ሳይጠይቁኝ እጄን ወሰዱ፤ ይኸው አሁን ደግሞ ተዝካሬን ያወጡልኛል!»

ዋርሳዋ ላብ በላብ ሆኖ ማይክሮፎኑን ያዘ። «ይቅርታ፣ ክቡራን... የቤተሰብ ጨዋታ ነው...»

ልጅቷ ግን ፊቷ አመድ መስሎ ወደ እሱ ዞረች። «ዐርፋለች አላሉኝም?»

«አዎ፣ እሱማ... ዐርፋለች ስል፣ እረፍት ላይ ናት ማለቴ ነው።»

«ነፍስ ይማር ስልዎት እኮ አሜን አሉ!»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወጣ። ያን ጊዜ ባሏ ቫዮሊኑን ከትከሻው አወረደ።

«እውነቷን ነው» አለ። «ሚስቴ ናት። እጁ የእሷ ነው። ሞተች መባሉን አሁን ሰማሁ፤ ሌላውን ግን አውቅ ነበር።»

ልጅቷ ኮምፒውተሩን ከደነችው።

ሰዉ ይንጫጫ ጀመር። «ትውጣ! ትምታልን!» አሉ። የክበቡ ኃላፊ ከዕቃ ቤት አንድ አሮጌ ከበሮ አቧራውን እያራገፉ አመጡ። ተኳሿ በክርኗ ጎሸመቻት። ዋርሳዋ ሳይቀር ፊቱ በርቶ፣ «ነይ፣ እትዬ፣ ነይ!» አለ። ቁጣዋ እንደ ጨው የሟሟ መስሎት ነበር።

«አልመታም» አለች ነጎድጓድ። «ትኬት ቆርጫለሁ። ተመልካች ነኝ። ተጫወቱ።»

ተቀመጠች። ቀሚሷን አስተካክላ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጠፈች።

የሚያደርጉት ስላጡ ተጫወቱ። ከበሮ የለም። አኮርዲዮኑ ወደፊት ይሮጣል፤ ቫዮሊኑ ይከተለዋል፤ ሲደርስበት አኮርዲዮኑ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲጠብቀው ያልፈዋል። ነጎድጓድ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ዓይኗን እላያቸው ላይ ተክላ እስከ መጨረሻው ሰማች። ደስ አላት ቢባል ውሸት ነው። አንጀቷ ግን ትንሽ ራሰ።

ዋርሳዋ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ብቻውን አኮርዲዮን ይዞ ቀረበ። ወንድሙ አልሄድም አለው፤ ልጅቷም ስልኩን አላነሳችለትም። የመጣው ሰው ጥቂት ነበር፤ እሱም ስለ ሟቿ ለመጠየቅ የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ቤቷ ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠየቃት። ይቅርታውን ሳይጨርስ፣ «ለመጻሕፍት መደብሩ ዝግጅት ትደርሽልናለሽ አይደል?» አላት። ነጎድጓድ አልጮኸችም። «ዐርፌያለሁ» ብላ በሩን ዘጋችው።

ልጅቷ ግን ማጠቢያ ክፍሉ ድረስ መጣች። በእንፋሎቱ መሀል ቆማ አለቀሰች። ቀረጻውን ከነቅጂው አምጥታ ሰጠቻትና፣ «እንደፈለጉ ያድርጉት። ፈቃድዎ ከሆነ ግን አብሬዎት ብጫወት ደስ ይለኛል» አለቻት።

ነጎድጓድ ብዙ አንሶላ ወረወረች። በኋላ፣ «ማስታወቂያው ላይ ፊቴ ይወጣል» አለች። «ከነሽበቴ። አንዲት ጸጉር ብታጠቁሪብኝ አልመጣም።»

የባቡር ሠራተኞች ክበብ ኃላፊ ለሁለቱ ሌላ እሁድ ሰጧቸው። የሚለማመዱት እዚያው ክበቡ ውስጥ፣ ወንበሮቹ ተነስተው ነው። ባሏ አንድ ቀን ቫዮሊኑን ይዞ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«ልግባ?» አለ።

«ካንተ ጋር ገና አልጨረስኩም» አለችው፤ «እኔ ስጨርስ እጠራሃለሁ።»

በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ቫዮሊኑን አቅፎ ተቀመጠ። እሷም ሂድ አላለችውም፤ ና አላለችውም። ወደ ከበሮዋ ዞራ መምታት ጀመረች። የባቡሮቹ ፎቶዎች መስታወት ተንቀጠቀጠ። ልጅቷ ጆሮዋን ደፍና፣ «እትዬ፣ ይህችን ቦታ ትንሽ ለስለስ ቢያደርጓት?» አለቻት።

«ለስላሳውን ንዴቴ ሲያልፍልኝ እመታልሻለሁ» አለች ነጎድጓድ። «ለጊዜው አንቺ ድምፅ ጨምሪ።»