የካርድ ክፍሉ መጋረጃ

«ልጅቷን ለምን ታንከራትቻታለሽ? አንቺ ብቻሽን መጥተሽ ሕመሟን ንገሪኝ፤ መድኃኒቱን እሰጥሻለሁ።»

ይህን ያለው ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ነበር፤ የተባለችው የልብስ ሰፊዋ እናት። ሰፊዋ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋደም አድርገዋት ነው የሰማችው። እናቷ የሆነ ነገር መለሰች። «እሷ እኮ...» ካለች በኋላ ግን በሩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቃል ሰፊዋ አርባ ዓመት ፈልጋ አላገኘችውም። እናቷም አፈር ከለበሰች ቆየች፤ የሚጠየቅ ሰው የለም።

እግሮቿ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዟትም። በዊልቸር ትሄዳለች፣ በእጅ በሚዞር መኪና ትሰፋለች። ያለቻት አንዲት ክፍል ናት፤ ደንበኛ ሲገባ ሱቅ፣ ደንበኛ ሲወጣ መኝታ ቤት። ሰው ይመጣል፣ ይለካል፣ ይሄዳል። ለሌላ ጉዳይ የሚመጣ የለም። ሜትሩን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከመኪናዋ ጋር ታወራለች፤ መኪናዋም በጎ አድማጭ ናት፣ ነገር አታመላልስም።

እጇ ግን ዐዋቂ ነው። ከገበር ሥር የተረሳ ስፒል ሳታይ በጣቷ ታገኛለች። ከወር በፊት ገላዋን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ውስጥ እንደዚያው አንዲት ጠጣር እብጠት አገኘች። የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች፤ ቢገፏት አትሸሽም።

«ስፒል ብትሆኚ ነቅዬ እጥልሽ ነበር» አለቻት።

ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም። ያስቸገራት ደግነቱ ነው። መመርመሪያ ክፍሉ አምስት ደረጃ ወደ ላይ ስለሆነ፣ እሷ ስትደርስ ዘበኛው ያፏጫሉ፤ ሲስተር የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ ትወርዳለች፤ ተራ ጠባቂው በተደረደረበት በረንዳ ላይ «አትልፊ፣ እዚሁ እንጨርስልሽ» ትላታለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሆነ። ለዚህም ሰፊዋ ስንት ጊዜ ተመስገን ብላለች። ጡት ግን በረንዳ ላይ አይገለጥም።

ሦስት ጊዜ ሄደች። ሦስቱንም ጊዜ ሲስተር ጎንበስ ብላ «እትዬ፣ ዛሬስ ምንሽን ነው?» ስትላት፣ ከጎኗ የተቀመጡት ጆሯቸውን ሲያቆሙ፣ «ራሴን» ብላ ተመለሰች። የራስ ምታቱን ክኒን ቁልፍ የምታጠራቅምበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው። ጸሎቷ ላይም አፈረች፤ እየዋሹ ፈውስ መለመን ምን ይሉታል?

ማክሰኞ ጠዋት ለአራተኛ ጊዜ መጣች። ዘበኛው ከንፈራቸውን ሲያሾሉ፣

«አባባ፣ ዛሬ አያፏጩ።»

«ምነው ልጄ፣ ከሲስተር ተጣላችሁ እንዴ?»

«ውስጥ ገብቼ መታየት ፈልጌ ነው።»

ዘበኛው ደረጃውን አዩ፤ ወገባቸውን ዳሰስ አደረጉ። «እንግዲያ አዝልሻለሁ። ብንወድቅም ግድ የለም፣ ሐኪም ፍለጋ አንሄድም።»

በረንዳው ሳቀ። እሷም ሳቀች። «በእርስዎ ወገብ ኃጢአቴን አላበዛም።»

ሲስተር ሳቁን ሰምታ ወረደች። «እትዬ፣ እጅሽን ወዲህ በይ። ራስሽን አሁንም አልተወሽም?»

«ራሴ ደህና ነው። ድሮም ደህና ነበር።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እዚህ የማይገለጥ ነው።»

ሲስተር መለኪያውን አጠፈች። «ሁለት ወንዶች ጠርቼ ከነወንበርሽ ላስወጣሽ?»

«አንዴ አስወጥተውኝ ነበር። የሚያወርደኝ ጠፍቶ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ።» በአገጯ ፊት ለፊቷ ወዳለው ካርድ ክፍል አመለከተች። ደረጃ የለውም። «እዚያ እዪኝ።»

«እዚያ እኮ አልጋ የለም።»

«አልጋ አይደለም የቸገረኝ፣ የሚዘጋ በር ነው።»

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «ይሄ ካርድ ቤት ነው እንጂ ሐኪም ቤት አይደለም። በዚያ ላይ መስኮቱ መጋረጃ የለውም፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያያል።»

ሰፊዋ ጭኗ ላይ ካለው ፌስታል የታጠፈ ግራጫ ጨርቅ አወጣች። ዙሪያው ተቀምቅሟል፤ ከላይ ገመድ ገብቶለታል። ሰውዬው ተቀብሎ መስኮቱ ላይ ዘረጋው፤ እንከን ፈለገ። ጣት እንኳ አልተረፈም፣ አልጎደለም።

«መቼ መጥተሽ ለካሽው?»

«ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ።»

በረንዳው ላይ ያሉት አንገታቸውን አስግገው መጋረጃውን አዩ።

«ካርድ ቢጠፋስ?» አለ ሰውዬው፣ ቅር እያለው።

«አንተ በሩ ላይ ቁም» አሉት ዘበኛው። «ካርድ እግር የለው፣ ወዴት ይሄዳል?» ወዲያው ሰፊዋን አይተው ደነገጡ። እሷ ግን በሳቅ አለፈቻቸው። ሰውዬው እያጉረመረመ በርጩማውን ይዞ ወጣ።

«እኔ እኮ እንዳትለፊ ብዬ ነው» አለች ሲስተር እጇን እየታጠበች።

«ዐውቃለሁ፣ እህቴ።»

በሩ ተዘጋ። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ የሰው ካርድ ነው። ሰፊዋ የቀሚሷን ቁልፍ ፈታች። የሲስተር እጅ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። ሌላ ሰው ገላዋን የነካው መቼ እንደነበር ልታስታውስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ዕንባዋ መጣ። ሲስተር ያመማት መስሏት እጇን አነሣች።

«አላመመኝም። ቀጥዪ።»

ሲስተር ቀጠለች። ጣቷ ቁልፍ የምታክለዋ እብጠት ላይ ሲደርስ ቆመ።

«መቼ አገኘሻት?»

«ወር ይሆናታል።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለመኪናዬ።»

ሲስተር ሳትስቅ ወረቀት ጻፈችላት። ትልቁ ሆስፒታል በዚህ ሳምንት ሊያያት ይገባል፤ ክፉ ይሁን ደግ እዚያ ነው የሚለየው። «ማን ይወስድሻል?»

ሰፊዋ አንገቷን ደፍታ የቀሚሷን ቁልፍ ቆለፈች። የሚወስዳት እንደሌለ ሲስተር ገባት።

«ግድ የለም፣ አትንከራተቺ። ወረቀቱን እኔ ይዤ ሄጄ ሕመምሽን—»

«አይሆንም» አለች ሰፊዋ። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ግን ሲስተር ብዕሯን አስቀመጠች። «ሕመሜን እኔው እናገራለሁ። ከሆነልሽ አብረሽኝ ሂጂ፤ ስገባ በሩን ያዢልኝ፣ ከገባሁ በኋላ ዝጊልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ሲስተር ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የተረኛ ዝርዝር ተመለከተች።

«ሐሙስ ተረኛ አይደለሁም» አለች። «ጠዋት ቤትሽ መጥቼ እወስድሻለሁ። በሩንም እይዝልሻለሁ።»